አልተያዘም፤ እንደገና

መርዶ በስልክ ሲነገር አልወድም። በእኛ ደንብ መርዶ ነጋሪ ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፣ በር ያንኳኳል፣ ሐዘንተኛውን ግራና ቀኝ ይዞ ይነግራል። የልጅ ልጄ ሜሮን ግን ከሥራ ቦታዋ ደወለችና «እማማ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ። ቁጭ ብያለሁ ካልኳት የምትነግረኝ ነገር እንዳለ ስለገባኝ፣ «ቆሜያለሁ» አልኳት።

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ማን ነው?»

«መምህር ክንዴ።»

ተቀመጥኩ።

የተቀበሩት ትናንት ነው። እኛ ሳንሰማ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ጎረቤት ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ የምንሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ድሮ ቢሆን የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ላይ ድረስ እየዞረ ይለፍፍልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር መምህር ክንዴ የሰፈራችን ሰው አልነበሩም። የእድራችን አባልም አልነበሩም። ዘመዴም አይደሉም። ግን እኚህን ሰው ሳላለቅስላቸው ብቀር ሌባ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልናገር።

ሰውየውን ያወቅኳቸው መጀመሪያ በድምፃቸው ነው፤ ፊታቸውን ያየሁት በኋላ ነው። ሁሉን ቤት ያስቀመጠው በሽታ የገባ ሰሞን ኮሌጁ ተዘጋና ትምህርቱ በስልክ ነው ተባለ። ሜሮን የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ ማኔጅመንት ነበር የምትማረው። ቤታችን አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ስለነበረች፣ ኔትዎርክ የሚባለው ነገር የሚገኘው ግቢው ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነበር። የጆሮ ማዳመጫዋ አንድ ጎኑ ሞቶ ሌላው ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ድምፁን ከፍታ ነው የምትሰማው። ሜሮን ስትማር ግቢው ሁሉ ይማራል።

ሌሎቹ መምህራን ሲያስተምሩ ግቢው ወደ ሥራው ይሄዳል። የመምህር ክንዴ ሰዓት ሲደርስ ግን እኔ ጧፌን መጠቅለል አቆማለሁ። ከጊዮርጊስ በር ጧፍና ሻማ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ በዚያ ሰሞን ሰው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለቀነሰ ጧፌ ተጠቅልሎ እቤት ነበር የሚውለው። ድምፃቸው ሻካራ ነው። ይስላሉ። በዚያን ጊዜ ሳል ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል፤ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ቢያስል ሁሉም መስኮት ይከፍት ነበር። መምህር ክንዴ በስልክ ሲስሉ የግቢያችን ሰው በሙሉ ባለበት ይደርቃል። ጎረቤቴ ዘምዘም፣ የወሎዋ፣ ባልዲዋን ጥላ ወደ ቤቷ ትገባ ነበር።

«ስልክ ያስተላልፋል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት።

«ምን ታውቂያለሽ አስካለ? ሁሉን ነገር በስልክ ነው እያደረጉት ያሉት!»

እሳቸውም ካሳሉ በኋላ ሁልጊዜ፣ «አትደንግጡ፣ የድሮ ነው፤ አስም ነው» ይላሉ። ከዚያ የቆርቆሮ ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሰማል። ሁልጊዜ ያው ኩባያ።

ትምህርት የሚጀምሩት፣ «ዛሬ ከየት ሆናችሁ ነው የምትማሩት?» ብለው ነው። ተማሪው ይመልሳል። አንዱ ከአልጋዬ ላይ ይላል። አንዱ ታክሲ ውስጥ ነኝ ይላል፤ ረዳት ነው፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ተራ እየጠበቀ። አንዲቷ አገር ቤት ሄዳ ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው የምትሰማው፤ ነፋሱ ከድምፅዋ ይበልጣል። እሳቸው ማንንም አይቆጡም። ሰምተው ብቻ «እሺ» ይላሉ። ከዚያ ይጠይቃሉ። ተማሪው መልስ እየሰጠ መሃል ላይ ድምፁ ሲቆረጥ ሌላው መምህር አልፎት ይሄዳል። መምህር ክንዴ ግን ይጠብቃሉ። ልጁ ሲመለስ፣ «አልተያዘም፤ እንደገና» ይሉታል። ግማሽ የተሰማ መልስ ለእሳቸው መልስ አይደለም፤ ጥፋትም አይደለም። ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። ሰነፍ ተማሪ ይህን ቃል አይወደውም፤ ድምፄ ተቆረጠ ብሎ ማምለጥ አይችልማ።

አንድ ቀን ከሌላ መምህር ትምህርት በኋላ ሜሮን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። ኔትዎርክ በጠፋባት ቁጥር ሰውየው ቀሪ ብሏታል። ደሜ ፈላ። ቀጥሎ የመምህር ክንዴ ሰዓት ነበርና ስልኩ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ይቅርታ መምህር፣ እኔም ጥያቄ አለኝ።»

ሜሮን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ማን ልበል?»

«አስካለ እባላለሁ፣ የሜሮን አያት።»

«ዛሬ ከየት ሆነው ነው የሚማሩት፣ እትዬ አስካለ?»

«ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ።»

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ኔትዎርክ የወሰደባትን ልጅ ቀሪ ማለት ፍርድ ነው? ልጅቷ እዚሁ ነበረች፣ እኔ ምስክር ነኝ። የቀረው ኔትዎርኩ ነው።»

አሳሉ። ኩባያው ተሰማ። «እኔ ቀሪ አልልም።»

«እርስዎን አላልኩም። ለባልደረባዎ ይንገሩልኝ።»

«እነግረዋለሁ። እርስዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ እጅ አውጥተው ነው የሚናገሩት።»

«በስልክ እጅ እንዴት ይወጣል?»

«ሜሮን ታሳይዎታለች።»

ነገሩት። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ኔትዎርክ የጠፋበትን ቀሪ ማለት ተወ። መምህር ክንዴም ትምህርት ሲጀምሩ ተማሪውን ሁሉ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ «እትዬ አስካለ አሉ?» ይሉ ነበር። አለሁ እላለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ለስሜ አቤት ያልኩበት ክፍል ያ ብቻ ነው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።

ሌላ ቀን ደግሞ መምህር ክንዴ ትምህርቱን ትተው ተማሪዎቹን ጠየቁ። «ይህን በስልክ መማር እንዴት አገኛችሁት? እኔን ደስ ለማሰኘት አትመልሱ።»

ናትናኤል የሚባል ልጅ አለ፣ ድምፁ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ የሚመጣ፣ ከጀርባው ወፍ ብቻ የሚሰማ። «እኔ ተመችቶኛል» አለ። «የታክሲ ሰልፍ የለም፤ ያልገባኝን ቀድቼ ደግሜ እሰማዋለሁ።» ሜሮን ጥርሷን ነከሰች። ቀጥሎ የታክሲው ረዳት ተናገረ። እሱ ያማርራል ብዬ ስጠብቅ፣ «ለእኔም ይሻለኛል መምህር» አይል መሰላችሁ! «ክፍል ቢሆን ሥራዬን ወይ ትምህርቴን እተው ነበር። አሁን ሁለቱንም በግማሽ ይዣለሁ።» አራስ የነበረች ልጅም፣ እያጠባች እንደምትማር ተናገረች። የኮረብታዋ ልጅ ግን ስትናገር ነፋሱ በላት። ደገመች፤ በላት። ሦስተኛ ሲያስደግሟት፣ «ሊመሽብኝ ነው፣ ልውረድ» ስትል ብቻ ተሰማ።

«ሜሮንስ?»

«ይህ ትምህርት አይደለም መምህር» አለች የኔ ልጅ። «ትምህርት ለመምሰል የሚደረግ ነገር ነው።»

«ይህን ጻፊው» አሏት። የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ እሳቸው ነበሩ። ርዕሷ በዚያው ተወሰነ፤ የኮሌጅ ተማሪዎች በበሽታው ዘመን በኦንላይን ስለ መማር ያላቸው አመለካከት። ርዕሱን ስታነብልኝ፣ «ይሄማ ቀላል ነው፣ ከግቢያችን ሳትወጪ ትጨርሽዋለሽ» አልኳት።

ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የጻፈችውን አንብበው፣ «አልተያዘም፤ እንደገና» አሏት። «ይህ የአንቺ ምሬት ነው። ምሬትሽ እውነት ነው፤ ግን አንቺ አንድ ሰው ነሽ።» እሺ ብላ ጥያቄዎቿን በቴሌግራም ለተማሪዎቹ ሁሉ ላከች። የመለሱት አብዛኞቹ ጥሩ ነው አሉ። ሜሮን ግራ ገባት፤ ለእሳቸው ግን ነገረቻቸው።

«ያልመለሱልሽስ?» አሉ።

«እነሱማ ኔትዎርክ የላቸውም ይሆናል።»

«እንግዲህ በኔትዎርክ የጠየቅሻቸው ኔትዎርክ ያላቸውን ብቻ ነዋ።» እኔም ከጎኗ ሆኜ የሚቀጥለውን አውቄ ከንፈሬን ነከስኩ። «አልተያዘም፤ እንደገና።»

ሜሮን ማስኳን አድርጋ በእግሯ ዞረች። ያልመለሱትን በየቤታቸው በራፍ ቆማ ጠየቀች። አንዱ ስልኩን ከሸጠ ቆይቷል። አንዷ ትምህርቱን ትታ ድልድዩ አጠገብ ካልሲ ትሸጣለች። አመለካከትሽ ምንድን ነው ስትላት፣ «የምን አመለካከት? እኔ መች አየሁት» አለቻት። ሜሮን ይህን እንዳለ ጻፈችው። መምህር ክንዴ ሲያነቡት ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ ተይዟል» አሉ።

እኔ ግን በዚያ ሁሉ መሃል እንቅልፍ አልነበረኝም። የፈራሁት በሽታውን ብቻ አልነበረም። ሜሮን ፓስፖርት አውጥታ ነበር። የሰፈራችን ደላላ፣ በረራ እንደተከፈተ ዓረብ አገር እልክሻለሁ ብሏታል። «ዲፌንሱን ካለፍኩ እቀራለሁ፤ ከወደቅኩ ግን እሄዳለሁ እማማ። ሌላ ዓመት ድንጋይ ላይ መቀመጥ አልችልም» አለችኝ። የዘምዘም ልጅ ሄዳ የተመለሰችው ወገቧን ተሰብራ ነው። ሽንት ቤት ስትሄድ ግድግዳ እየያዘች ስታልፍ በየቀኑ አያታለሁ። ዲፌንስ የሚሉት ጽሑፋቸውን ለፈታኞች የሚያስረዱበት ነው። እሱም በስልክ ነው ተባለ። ካሜራ ክፍት፣ ሌላ ሰው አጠገብ አይኖርም፣ የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ወድቋል።

የሌላ ሰው ድምፅ! ስድስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ!

ግቢውን ሰብስቤ አስጠነቀቅኩ። ሬዲዮ የለም፣ ውቀጣ የለም፣ ቧንቧ የሚከፍት የለም።

«ሳል የመጣበትስ?» አለች ዘምዘም።

«ትራሱ ውስጥ ይሳል።»

ሜሮን ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ በካሜራው የግቢው ዝብርቅርቅ እንዳይታይ ዙሪያዋን ነጭ አንሶላ ሰቀልንላት። ማንም ጠያቂ ገብቶ እንዳያወራ ደግሞ እኛው ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ልንጠብቅ ተስማማን። ተራርቆ መቀመጥ ነበረበትና መቀመጫ አነሰን። ለቅሶ መሰብሰብ ስለተከለከለ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ሥራ ፈትተው ነበር፤ አስመጣኋቸው። የግቢው የቆርቆሮ በር ሲከፈት ይጮሃል፣ ስለዚህ ክፍት ተውነው። በማለዳ፣ ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበን፣ ተራርቀን በእድር ወንበር ላይ ተቀመጥን። ማንም ቃል አይተነፍስም። ከአንሶላው ጀርባ የሜሮን ድምፅ ዝግ ብሎ ይሰማል። ጥሩ እየሄደላት ነበር።

ይህ ሁሉ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላሰብንም።

ጥሩወርቅ ከታችኛው መንገድ የምትኖር የእድራችን ሴት ናት። ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው እሷ ነች። በዚያ ሰሞን ወንድሟ ሞቶባት፣ በጥቂት ሰው ተቀብሮ፣ ለቅሶ ሳይቀመጡለት ቀርቷል። በበራችን ስታልፍ ወንበሩን አየች፣ ነጠላችንን አየች። ቆመች። በዓይኗ «ማን ነው?» አለችኝ። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም በይ ስል፣ በሌላው እጄ ወደ አንሶላው ጠቆምኩ።

ነጩን አንሶላ አየችው።

«ወይኔ! ሜሮንዬን!» አለች። ደረቷን መታች። «አበባዬን! ገና ሳትመረቂ! ገና ሳትዳሪ!»

ከዚያማ ማን ይቻለው። ከመንገዱ፣ ከላይኛው ግቢ፣ ከሱቁ ሰው ገባ። ዓመቱን ሙሉ ያልተለቀሰ ለቅሶ በየሰዉ ሆድ ተቀምጦ ነበርና ሁሉም የራሱን ሰው እየጠራ ያለቅሳል። እኔ መሃል ቆሜ «ዝም በሉ! አልሞተችም!» እያልኩ እጮሃለሁ። ግን የሞተበት ሰው አልሞተችም ማለቱ ያለ ነው፤ ይባስ ብለው ግራና ቀኝ ያዙኝ። «አይዞሽ አስካለ፣ አይዞሽ።» ጭራሽ የኔዋ ዘምዘም፣ ሁሉን የምታውቀዋ፣ ስታለቅስ አየኋት።

ሜሮን አንሶላውን ገልጣ ስልኳን እንደያዘች ወጣች። አንዲት ሴት ስታያት ራሷን ስታ ወደቀች። ከስልኩ ውስጥ የፈታኞቹ ሰብሳቢ፣ «ምንድን ነው ይህ? ምን ጉድ ነው?» ይላሉ። ቀጥሎ ሻካራው ድምፅ መጣ፣ ደንግጦ። «ሜሮን! ማን ነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ፣ መምህር» አለች።

ስልኩ ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ተሰርዟል የሚል መልእክት ደረሳት። የሌላ ሰው ድምፅ ተሰምቷል። ሜሮን አላለቀሰችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ከሣጥኑ ፓስፖርቷን አውጥታ ትራሷ ሥር ከተተችው።

በማግስቱ በራፍ ላይ አንድ ቀጭን፣ አጭር ሰው ቆመው አየሁ። በዚያ ሻካራ ድምፅ ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ካፖርት ለብሰዋል፤ ማስካቸው ከሁለት ዓይነት ጨርቅ የተሰፋ ነው። እጃቸውን እንደ ተማሪ ወደ ላይ አንስተዋል።

«እትዬ አስካለ፣ እጄን አውጥቻለሁ። መናገር ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን አይግቡ፣ ሳልዎ ያስፈራኛል።»

«የእናንተም ለቅሶ ያስፈራኛል» አሉ። «የሜሮን ቤት የት ነው ብዬ ስጠይቅ መንገዱን ሁሉ እግዜር ያጥናዎት እየተባልኩ ነው የመጣሁት።»

አንዱን የእድር ወንበር ወደ በሩ አወጣሁ። በአንዱ ጫፍ እሳቸው፣ በአንዱ ጫፍ እኔ ተቀመጥን።

«ያሳልፏት» አልኳቸው። «ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ደላላው በር ላይ ቆሟል።»

«ሰብሳቢውም እንደዚያው አሉኝ» አሉ። «ናትናኤል ሲያቀርብ ሳቅና የሰው ወሬ ተሰምቶ ነበር። ቴሌቪዥን ነው ተብሎ ታለፈ። እኔ ስብሰባ ላይ፣ የአንዱ ግቢ ድምፅ ቴሌቪዥን፣ የአንዱ ግቢ ድምፅ ማጭበርበር አይሆንም አልኩ። ሰብሳቢው ተናደዱ። መጨረሻ ላይ፣ በል እንግዲያው ሁለቱንም እናሳልፍና እንገላገል አሉኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» አልኩ ተነስቼ።

«እምቢ አልኩ።»

መልሼ ተቀመጥኩ። «ምን አሉ?»

«ሜሮን ስታስረዳ ግማሹን ነው የሰማሁት። ያልሰማሁትን አልፏል ብዬ አልፈርምም። አልተያዘም። ሁለቱም ይደግማሉ።»

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ልጄን ለዓረብ አገር ሸጥካት አልኳቸው፣ «አንተ» እያልኩ። ጮህኩ፤ ግቢው ወጣ። እሳቸው ማስካቸው ውስጥ እየሳሉ ጠበቁኝ። ስጨርስ፣ «ናትናኤልም ትናንት ማታ እንዲሁ ሰድቦኛል» አሉ። «የእርስዎ ይሻላል። ለዛ አለው።»

«እሱ መልሶ ያልፋል! ግቢው ወፍ ብቻ ነው ያለው። የኔዋ ከዚህ መንጋ መሃል ደግማ እንዴት ታልፋለች?»

«እሱ ልክ ነው» አሉ። ቀና ብለው በሩን፣ መንገዱን፣ የቆሙትን ሰዎች አዩ። «ለዚህ እኔ እመጣለሁ።»

ሜሮን ከቤት ወጥታ ሁሉንም ቆማ ሰምታ ነበር። «ብወድቅስ መምህር?» አለች።

«ከወደቅሽ በራስሽ ድምፅ ትወድቂያለሽ። በጥሩወርቅ ድምፅ አይደለም።»

ወደ ቤት ተመለሰች። ፓስፖርቱን ከትራሷ ሥር አላወጣችውም። ጽሑፏን ግን ስታነብ አመሸች።

በድጋሚው ቀን ሰውየው በማለዳ መጡ። ወንበሩን ይዘው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አማካሪ ስለሆኑ እሳቸውም እዚያው ዲፌንሱ ውስጥ ናቸው። ግን ሲናገሩ ድምፃቸው በስልኩም በበሩም መጥቶ ይደራረባል። ወንበራቸውን ይዘው ራቅ አሉ፤ አሁንም ይሰማል። ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ እየራቁ ሄደው መንገዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። የሜሮን መሞት ዘግይቶ የደረሰው ሰው ገና ለቅሶ እየመጣ ነበር። መጪውን ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ያቆማሉ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ፊታቸው ቆሙና፣ «ነፍስ ይማር፣ ምንዎ ነበረች?» አሏቸው። መናገር አይችሉማ! አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ተመለሱ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ በአንድ ዓይኔ አንሶላውን፣ በአንድ ዓይኔ መንገዱን አያለሁ። ጥሩወርቅ ከአጠገቤ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዶሮ ማነቂያ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። መሃል ላይ ኔትዎርኩ ጠፋ። ሜሮን «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ሲመለስ ሰብሳቢው፣ «ሰዓቱ አልቋል» አሉ። ያኔ ከስልኩ ውስጥ ያ ሳል መጣ።

«አልተያዘም» አሉ መምህር ክንዴ። «እንደገና።»

ሜሮን ከመጀመሪያው ጀመረች። ካልሲ የምትሸጠዋን ልጅ፣ «መች አየሁት» ያለችውን ስትነግራቸው ድምፅዋ መንቀጥቀጡን አቆመ።

አለፈች። ናትናኤልም አለፈ፤ በውጤት በልጧታል። አናደደኝ፤ ግን ጸጥ ያለ ቤት ስላለው ብቻ አልነበረም፣ ጽሑፉ ጥሩ ነበር አለች ሜሮን። ልክ ከሆነ ልክ ነው። ደላላው ከዚያ ወዲህ በበራችን አላለፈም፤ ቢያልፍም አላየሁት ይሆናል፣ ፓስፖርቱ ወደ ሣጥኑ ከተመለሰ በኋላ በሩን መጠበቅ ትቻለሁ።

የድጋሚው ቀን መምህር ክንዴ ሊሄዱ ሲነሱ ጥሩወርቅ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ደረሰች። «ይቅር ይበሉኝ መምህር። ያን ሁሉ እንባ በከንቱ አፍስሼ ልጅቷን ልገድላት ነበር።»

«በከንቱ አይሁን» አሉ። «ለእኔ ይያዝልኝ። እዚህ ከተማ ላይ የሚያለቅስልኝ ብዙ ሰው የለኝም።»

«ሟርት አይናገሩ!» አልኳቸው።

ሳቁ፣ ሳላቸው አቋረጣቸው፣ መንገዱን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ጊዮርጊስ በር መጥተው ጧፍ ይገዙኛል። «ቀብዴ አለ አይደል እትዬ አስካለ?» ይሉኛል፤ ያን እንባ ማለታቸው ነው። አለ እላቸዋለሁ። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል የመጡ ጊዜም ያንኑ ጠየቁኝ። «እናንተ ስትበተኑ ቀብዴ የት ይገባል?» አሉ። ያን ቀን እየሳቁ አልነበረም።

እንግዲህ ሜሮን በደወለች ማግስት እኔ፣ ሜሮን፣ ዘምዘምና ጥሩወርቅ ከያለንበት ታክሲ እየቀያየርን ሰባራ ባቡር አካባቢ መምህር ክንዴ ተከራይተው ይኖሩበት ወደነበረው ቤት ደረስን። ድንኳኑ ትንሽ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። ከአገር ቤት የመጡ እህታቸው ብቻቸውን ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ አለ፤ ያ ያው ኩባያ።

«ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሮ ተማሪ የለውም እንዴ?» አሉን እህትየዋ።

ወደ ሜሮን ዞርኩ። «ተማሪዎቹ የታሉ?»

«ሰምተዋል እማማ። በቴሌግራም እየጻፉ ነው።» ስልኳን አሳየችኝ። ከላይ እስከ ታች የሻማ ሥዕል ነው። እያንዳንዱ አንድ አንድ ሻማ ልኳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሻማ የሸጥኩ ሴት ነኝ።

«ጻፊላቸው» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«አንቺ ነሽ የምትጠይቂኝ?»

ትንሽ አየችኝ። ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላነበብኩም፤ ማንበብም አላስፈለገኝም።

መጀመሪያ የመጣው የታክሲው ረዳት ነው። አሁን ሾፌር ሆኗል፤ መኪናውን ከነተሳፋሪው ዳር አቁሞ የመጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ያኔ እያጠባች የተማረችው ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። ካልሲ ሻጯም መጣች። አንድ ረጅም ልጅ ገብቶ እህትየዋን እግዜር ያጥናዎት ሲል ድምፁን ሰማሁና ናትናኤል መሆኑን አወቅኩ። ድንኳኑ እየሞላ ሄደ። ግን ሁሉም አቀርቅረው ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ እንዴት እንደሚጀመር አያውቁም። አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል። እህትየዋ ያዩዋቸዋል። ጸጥ ያለ ነው፣ እንደዚያ እንደ ድጋሚው ቀን።

ጥሩወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። አርጅታለች፤ ድምፅዋም ደክሟል። «ምን እናድርግ አስካለ? ለእሳቸው እኮ ቀድመን አልቅሰንላቸዋል» አለች።

«አልተያዘም» አልኳት። «እንደገና።»

ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች።